ሜሽ ይከልከል ወይስ ምርጫው ለሴቷ ይተው?

ጠያቂዋ፦ ስለ ማህፀን መውረድ ኦፕራሲዮን አንድ ክርክር ላንሳ። የዳሌን ወለል የሚሸከሙት ጡንቻዎችና ጅማቶች በወሊድ፣ በዕድሜ ወይም በከባድ ሸክም ይላላሉ። ያኔ ማህፀን፣ የሽንት ፊኛ ወይም የአንጀት መጨረሻ ወደ ብልት ይወርዳል። ሐኪሙ ሲጠግነው ወይ የሴቷን የራሷን ሥጋ ሰብስቦ ይሰፋል፣ ወይ ሜሽ የሚባል የፕላስቲክ መረብ ያስገባል። ለዚህ ችግር ተብሎ በብልት በኩል የሚገባውን መረብ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2019 ከሽያጭ አስወጥቶታል። አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ቀድመውት ነበር። እኔ ደግ አደረጉ ባይ ነኝ፤ ያልከለከለ አገርም ይከልክል። እናንተስ?

ዝምታ ይብቃ፦ ይከልከል! ለእኔ ስሙን እንኳ ሳልሰማ ነው የገባልኝ። አንድ ዓመት ያህል ደህና ነበርኩ። ከዚያ ቁጭ ማለት አቃተኝ። ባለቤቴም በግንኙነት ጊዜ «የሆነ ነገር ወጋኝ» አለኝ። እኔ ሰበብ ፍለጋ መስሎኝ ስንት ወር ተኮራረፍን። ለካ መረቡ የብልቴን ግድግዳ በስቶ ወጥቷል። እሱን ለማውጣት ሦስት ጊዜ ኦፕራሲዮን ሆኛለሁ፣ አሁንም ተርፎ የቀረ አለ። ሥጋ በየቀዳዳው ገብቶ ያድግበታላ! እስቲ ኮንክሪት ውስጥ የተቀበረ ፌሮ ጎትታችሁ አውጡ።

ሁለቴ የተሰፋሁ፦ አይዞሽ እህቴ። ግን የእኔንም ስሚኝ። እኔ ሁለት ጊዜ በራሴ ሥጋ ተሰፍቼ ሁለቱንም ጊዜ ተመልሶ ወረደ። ቆሜ ምግብ መሥራት ተስኖኝ ነበር። ሽንቴን ለመሽናት በጣቴ ወደ ላይ መግፋት ነበረብኝ። በሦስተኛው በሆዴ በኩል ገብተው በመረብ ሰቀሉት። ይኸው 7 ዓመቴ፣ እንዳለ እንኳ ረስቼዋለሁ። ያኔ «ሜሽ የሚባል ክልክል ነው» ቢሉኝ ምን ይውጠኝ ነበር?

የማህፀን ሐኪም፦ ሁለታችሁም እውነት ነው የተናገራችሁት፣ የምታወሩት ግን ስለተለያየ ኦፕራሲዮን ነው። የታገደው በብልት በኩል ተቀዶ የሚገባው ነው። በሆድ በኩል፣ ብዙ ጊዜ በካሜራ፣ የብልትን የውስጥ ጫፍ በመረብ ከጀርባ አጥንት ታችኛው ክፍል ጋር የሚያያይዘው አልታገደም። እሱም ጣጣ የለውም አልልም፤ ግን ቁስሉ ብልት ላይ ስላልሆነ መረቡ በስቶ የመውጣቱ ዕድል ያንሳል። አሁን ግን እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆኗል። ሜሽ የሚለውን ቃል ስትሰማ ተነስታ የምትሄድ ታካሚ አለችኝ። አልፈርድባትም።

ጠያቂዋ፦ ዶክተር፣ ልዩነቱ ገብቶኛል፤ ርዕሴን አጥብቤ በብልት በኩል በሚገባው ላይ ልቁም። የሚያበሳጨኝ እንዴት ገበያ እንደገባ ነው። መጀመሪያ ለሆድ እበጥ (ሄርኒያ) የተሠራ መረብ ነበር። «ከዚያኛው ጋር ይመሳሰላል» ተብሎ ነው ያለፈው፣ ሴቶች ላይ በደንብ ሳይሞከር። እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካው ተቆጣጣሪ ችግሩ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነው አለ። በ2011 ደግሞ ያው መሥሪያ ቤት «አልፎ አልፎ አይደለም» ብሎ ቃሉን አጠፈ። በእነዚያ ሦስት ዓመታት ስንቷ ገባላት?

ሁለቴ የተሰፋሁ፦ እሺ፣ ግን ሐኪሞቹ ዝም ብለው ነው የወደዱት? ውጤት አይተውበት ይሆናላ።

የማህፀን ሐኪም፦ አይተውበታል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ የሰሜን አውሮፓ ሐኪሞች ጥናት ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ መረብ ከገባላቸው ከ100 ሴቶች 61 ያህሉ ተሳክቶላቸዋል ተባለ፣ በተራ ስፌት ግን 35 ያህሉ። ይህን ያየ ሐኪም ቢጓጓ አይገርምም። በ2017 ግን ከ1,300 በላይ ሴቶች ያሉበት የእንግሊዝ ጥናት ወጣ። እዚያ ዋናው ጥያቄ ሴቶቹ ራሳቸው ምን ይሰማቸዋል የሚል ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ መረቡ ያመጣው ብልጫ የለም። መረብ ከገባላቸው 10 ሴቶች ከአንድ በላይ የሚሆኑት ደግሞ ከመረቡ የመጣ ችግር ገጥሟቸዋል። እኛ ስንመረምር በሴንቲሜትር እንለካለን። ትንሽ ዝቅ ብሎ ከተገኘ «አልተሳካም» እንላለን፤ ሴትየዋ ግን ምንም አይሰማትም። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኛው ነው።

ፊዚዮቴራፒስት፦ ይቅርታ፣ ሁላችሁም ከቢላው ጀመራችሁ። የዳሌ ወለል ጡንቻ ስፖርትስ? ፔሳሪስ? ቀለበት የመሰለች ሲሊኮን ናት፣ ገብታ ደግፋ ትይዛለች። ስንቷ ይህን ሳይነገራት ኦፕራሲዮን ክፍል ትገባለች!

የማህፀን ሐኪም፦ ትክክል ነው። ገና በጅምሩ ላለ መውረድ ስፖርቱ ስሜቱን ያቀለዋል። ጨርሶ ወደ ውጭ የወጣን ማህፀን ግን መልሶ አያስገባም። ፔሳሪ ለብዙዎች ይሠራል፣ አንዳንዷ ግን ይወድቅባታል ወይም ያቆስላታል። ማህፀን የግድ ይውጣ የሚባለውም ሁልጊዜ እውነት አይደለም። የላላው ጅማቱ እንጂ ማህፀኑ አይደለም፤ ማህፀኑን ትቶ መስቀል ይቻላል።

አያት፦ ልጆቼ፣ እኔ 78 ዓመቴ ነው። ባሌ ከሞተ ቆይቷል። ሐኪሙ አፍሮ አፍሮ «ከእንግዲህ ግንኙነት ያስፈልግዎታል?» አለኝ። ሳቄ መጣ። «ዝጋው» አልኩት። ብልቱን ከውስጥ ሰፍተው ዘጉት፣ ከወገብ በታች ብቻ አደንዝዘው። መረብ የለ፣ ምን የለ። ተመልሶም አልወረደ። ይሄ ለወጣት አይሆንም፣ አውቃለሁ። ግን ለእኔ ብጤዋ ይነገራት። ስንት ዓመት ነው አፍሬ በጨርቅ ደግፌ የኖርኩት።

ሁለቴ የተሰፋሁ፦ እማማ ዕድሜ ይስጥልን! ወደ ክርክሩ ልመለስ። እኔ አሁንም ጨርሶ መከልከሉን አልወደውም። አንዳንዷ ሆዷ ብዙ ጊዜ ተከፍቶ ጠባሳ በጠባሳ ነው፣ በዚያ በኩል መግባት አይቻልም። በራሷ ሥጋ ደግሞ ደጋግሞ ከሽፏል። ለእሷ ምን ቀረላት? ቁጭ ብሎ አስረድቶ፣ አደጋውን በግልጽ ነግሮ፣ ምርጫውን ለእሷ መተው አይሻልም?

የማህፀን ሐኪም፦ እንዲህ ላለችው በጥናት ውስጥ፣ ሁሉም እየተመዘገበና ለዓመታት እየተከታተሉ ቢሆን እኔም አልቃወምም። በየክሊኒኩ መመለሱን ግን አልደግፍም።

ጠያቂዋ፦ ዝምታ ይብቃ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ካልከበደሽ። ያኔ አስቀምጠው «ከ10 ሴቶች አንዷን እንዲህ ያደርጋታል» ብለው ቢነግሩሽ ትፈርሚ ነበር?

ዝምታ ይብቃ፦ ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። የፈረምኩት ወረቀት ላይ ሜሽ የሚል ቃል የለም፣ ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል። ግን እውነቱን ልንገርሽ? ቢነግሩኝም እፈርም ነበር። ያኔ ሁለት እርምጃ ስሄድ እግሬ መሃል የሚንጠለጠል ነገር ነበረኝ። እንኳን ከ10 አንዷ፣ ከሁለት አንዷ ቢሉኝ ያቺ ሌላ ሴት ናት እንጂ እኔ አይደለሁም ብዬ እፈርም ነበር።