ፐቡ የሰፈር ሳሎን ከሆነ የእኛ ምግብ ቤት ምንድን ነው?

ባለ ምጣዱ፦
ቀኑን ሙሉ ስናደድ ነው የዋልኩት። ሚኒስትሩ ፓርላማ ቀርቦ ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ ፐብ (የእንግሊዞቹ መጠጥ ቤት) እና የቀጥታ ሙዚቃ ቤት ከቢዝነስ ሬታቸው፣ ማለት ከንግድ ቤት ግብራቸው፣ ላይ 15 በመቶ ይቀነስላቸዋል አለ። ምግብ ቤት የለበትም። ካፌም የለበትም። እኔ ለንደን ውስጥ ምጣድ ከጣድኩ 14 ዓመቴ ነው። ኮቪድ ሲመጣ እንደ ፐቡ ዘጋሁ። ጋዙም መብራቱም የሠራተኛ ደመወዙም እንደ ፐቡ ጨመረብኝ። ቅናሽ ሲመጣ ግን እኔ ውጭ ቀረሁ። ይሄ ፍትሕ ነው የሚል ካለ እዚህ ያስረዳኝ።

የካምደን ልጅ፦
ወንድሜ፣ ንዴትህ ይገባኛል። ግን ነገሩን ከእነሱም በኩል እየው። በየገጠሩ ባንኩ ተዘጋ፣ ፖስታ ቤቱ ተዘጋ፣ የቀረው ፐቡ ነው። እሱም እየተዘጋ ነው። ፐብ የሰፈር ሳሎን ነው። ምግብ ቤት ግን ንግድ ነው፤ በልተህ ከፍለህ ትወጣለህ። መንግሥት ለሁሉም መስጠት ካልቻለ ሳሎኑን ማዳኑ አይገርመኝም።

ባለ በርበሬ፦
«በልተህ ከፍለህ ትወጣለህ»? አንተ የት ነው የምትበላው? የኛ ሰው ጎንደር እናቱ ስታርፍ መርዶው የሚነገረው የት ነው? አዲስ የመጣ ልጅ ሥራና ክፍል የሚያገኘው የት ነው? ለእድር የሚዋጣው የት ነው? እዚሁ ለንደን ሼፐርድስ ቡሽ ሄደህ ቅዳሜ ከሰዓት ተቀመጥ። አንድ ቡና አዝዘው ሦስት ሰዓት የሚቀመጡ አባቶች ታያለህ። ማንም ተነሱ አይላቸውም። ሳሎን ማለት ይሄ ካልሆነ ምንድን ነው?

የካምደን ልጅ፦
እኔ የሐበሻ ቤት ጥቅም የለውም አላልኩም። ሕጉ እንዴት እንደሚለይ ነው የተናገርኩት።

ባለ ምጣዱ፦
አይደለም፣ «ሳሎን» ብለሃል። ሕጉ ሳሎን አይልም። ሳሎን ያልከው አንተ ነህ። እኔ ያቺን ቃል አልለቃትም።

ደብተር ያዥ፦
ሒሳቡን አስቀድመን እንየው፤ ካላየነው ስንጯጯህ እናድራለን። የብዙ ሐበሻ ቤቶችን ደብተር ስለምይዝ በምሳሌ ላስረዳ። ግብሩ የሚሰላበት የግምት ዋጋው 30 ሺህ ፓውንድ የሆነ ምግብ ቤት እንውሰድ። በ2025/26 በፓውንድ 49.9 ፔንስ ሲታሰብ 14,970 ይሆናል። በዚያ ዓመት ለምግብ ቤትም የነበረው የ40 በመቶ ቅናሽ ሲነሳለት 8,982 ይከፍላል። በ2026/27 የምግብ ቤቱ ተመን ወደ 38.2 ፔንስ ይወርዳል፤ የ40 በመቶው ቅናሽ ግን ይቀራል። ግምቱ ምንም ሳይጨምር እንኳን ሒሳቡ 11,460 ነው። ተመኑ ከ1991 ወዲህ ዝቅተኛው ነው ተብሎ ተነግሮናል። ተመኑ ወረደ፣ ክፍያው ወጣ። ሁለቱም እውነት ነው።

ደግሞ አትደንግጡ፤ በአንድ ጊዜ አይመጣም። ለንደን ውስጥ ግምቱ ከ28 ሺህ በላይ እስከ 100 ሺህ ከሆነ የመጀመሪያው ዓመት ጭማሪ በ15 በመቶ ይገደባል። የምሳሌያችን ቤት በመጀመሪያው ዓመት ወደ 10,330 ይከፍላል ማለት ነው። ግምታችሁ 12 ሺህ እና ከዚያ በታች ከሆነ፣ ያላችሁም ቤት እሱ ብቻ ከሆነ፣ ምንም አትከፍሉም። ግን ማመልከት አለባችሁ። ሳያመለክቱ ዓመታት የከፈሉ ሰዎች አይቻለሁ።

ባለ በርበሬ፦
እህቴ ተባረኪ። ግን የኔ ግምትስ ለምን ጨመረ? ሱቄ አልሰፋም። ጣሪያው እንኳን አሁንም ያፈሳል።

ደብተር ያዥ፦
ግምቱ የሱቅሽን ገቢ አያይም። ያ ቤት በገበያ ቢከራይ በዓመት ስንት ያወጣል ነው ጥያቄው። ያለፈው ግምት የተነሳው በኤፕሪል 2021 ኪራይ ነው። ያኔ ኮቪድ ነበር፤ መንገዱ ባዶ ነበር። አዲሱ የኤፕሪል 2024ን ኪራይ ያያል። ለዚህ ነው የዘለለው። ሱቅ ከሆነ ደግሞ ከመስታወቱ ወደ ውስጥ ያለው የመጀመሪያው 6.1 ሜትር በሙሉ ዋጋ ይታሰባል። ቀጥሎ ያለው 6.1 ሜትር በግማሽ፣ ሦስተኛው 6.1 ሜትር በሩብ፣ የቀረው ከዚያም ባነሰ። ጠባብና ረጅም ሱቅ ያላችሁ ሰዎች ይሄን መለካት አለባችሁ። የጓዳው ወለል እንደ ፊት ለፊቱ ተቆጥሮ ያገኘሁበት ጊዜ አለ።

ፐብ ግን በወለል አይገመትም። በተለመደ አያያዝ ሊያገኝ በሚችለው ሽያጭ ነው የሚገመተው። ሽያጭ ደግሞ በ2021 ሞቶ ነበር። ስለዚህ የፐብ ጭማሪ የከፋበት ምክንያት አለው። የካምደን ልጅ እዚህ ላይ አልተሳሳተም።

የካምደን ልጅ፦
አመሰግናለሁ። እኔም ይሄን ነው ለማለት የፈለግኩት።

ባለ ምጣዱ፦
አንተ ያልከው ሳሎን ነው።

ነባሩ፦
ልጆቼ፣ እዚህ አገር ከመጣሁ 34 ዓመት ሆኖኛል፤ ሁለት ጊዜ ምግብ ቤት ከፍቼ አንዱን ዘግቻለሁ። ስለ ሳሎን ትጣላላችሁ። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። የምኖርበት ቤት ካውንስል ታክስ፣ ማለት የመኖሪያ ቤት ግብሩ፣ ዛሬም የሚሰላው በኤፕሪል 1991 በነበረው የቤት ዋጋ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ከዚያ ወዲህ አንድም ጊዜ አልተገመተም። ንግድ ቤቴን ግን አሁን በየሦስት ዓመቱ ይገምቱታል። ለምን? ቤት ያለው ሰው ይመርጣል። ድምፁን ይፈሩታል። ባለ ሱቁ ቁጥሩ ትንሽ ነው። ከ2 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ በሚያወጡ ቤቶች ላይ ተጨማሪ ይጣላል የተባለውም የሚጀምረው በ2028 ነው። የኛ ግን ሁሌም ዛሬ ነው።

የካምደን ልጅ፦
ጋሼ፣ በየሦስት ዓመቱ መሆኑ እኮ የናንተው ጥያቄ ነበር። በ2015 መደረግ የነበረበት ግምት ወደ 2017 ሲገፋ ባለ ሱቆች ናቸው የጮኹት። በ2008 ኪራይ እስከ 2017 ነው የከፈላችሁት። ኪራይ በወደቀበት ሰፈር ያለ ሰው ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በፊት በነበረ ዋጋ ይከፍል ነበር። በ2019 የታችኛው ምክር ቤት የግምጃ ቤት ኮሚቴ ጉዳዩን መርምሮ ሪፖርት አወጣ። በ2023 ሕጉ ተለውጦ ሦስት ዓመት ሆነ። ፓርላማ ሰምቷል።

ነባሩ፦
ልጄ፣ ያ ኮሚቴ በዚያው ሪፖርት መንግሥት ሌላ አማራጭ ግብር እንዲያጠና ጠይቋል። የይግባኙን መንገድም ነቅፏል። አማራጩ የታለ? እኔ ኮሚቴ አልጠላም። ባለሥልጣኑን አስቀምጠው ሲጠይቁት ደስ ይለኛል፤ በቴሌቪዥን እከታተላለሁ። ግን ተጠይቆ ይወጣል፣ ሒሳቡም በፖስታ ይመጣል። ሰምተዋል ለማለት ሦስት ዓመቱ ብቻ አይበቃኝም።

ከመገናኛ፦
ከአዲስ አበባ ሆኜ ሳነባችሁ ቀናሁ። እናንተ ሒሳብ የምትከራከሩበት ቁጥር አላችሁ። እዚህ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በእኛ አቆጣጠር በጥር 2017 የንብረት ታክስ አዋጁን አጽድቋል። ከዚያ በፊት የጣሪያና ግድግዳ ግብር ሲጨመርብን ስሌቱን በቅጡ ያስረዳን አልነበረም። የኔ ጥያቄ ለቤቱ ግምት የገበያ ዋጋ የሚባለውን ከየት እናመጣዋለን ነው። ሰው ቤት ሲሸጥ ውሉ ላይ የሚጽፈው ሌላ፣ እጅ በእጅ የሚቀበለው ሌላ። ገማቹ የትኛውን ይይዛል?

ባለ በርበሬ፦
ወንድሜ ጥያቄህ ትልቅ ነው፤ ግን እባክህ ራሱን ችሎ ይነሳ። እዚህ ከተደባለቀ የኛ ነገር ይጠፋል።

ከመገናኛ፦
ግማሾቻችሁ እዚህ ኮንዶሚኒየም አላችሁ። የናንተም ነገር ነው።

ባለ ምጣዱ፦
ይሁን፣ ወደ ቃላችን እንመለስ። አንድ ጥያቄ አለኝ። እኔ ቤት በየቅዳሜው ማሲንቆና ክራር አለ። ሰው ተነስቶ ይጨፍራል። ታዲያ የቀጥታ ሙዚቃ ቤት አይደለሁም? ደግሞ ባንኮኒ አለኝ። ቢራ ይሸጣል። ምግብ ሳያዝዝ ጠጥቶ የሚሄድ ሞልቷል። ታዲያ ፐብ አይደለሁም?

ደብተር ያዥ፦
ጥያቄህ ጥሩ ነው፤ ግን አትቸኩል። የሙዚቃ ቤት የሚባለው ዋና ሥራው የቀጥታ ሙዚቃ የሆነ ነው። በሳምንት አንድ ምሽት አያደርሰውም። ፐብ ለመባል ደግሞ ለማንም ክፍት መሆን፣ ያለ መግቢያ ክፍያ ማስገባት፣ ምግብ ሳይታዘዝ መጠጣት የሚቻል መሆን፣ መጠጡም ከባንኮኒው የሚገዛ መሆን አለበት። ካውንስሎች (የአካባቢ አስተዳደሮች) ከዚህ በፊት ለፐብ ቅናሽ ሲሰጡ ይሄን ነው የሚያዩት። ምግብ ቤትን ግን በስሙ ጠርተው ያስወጡታል።

ባለ ምጣዱ፦
አየሽ! ከአራቱ አራቱንም አሟላለሁ። የሚያስወጣኝ እንጀራው ነው ማለት ነው።

የካምደን ልጅ፦
እንጀራው አይደለም። እንግሊዛዊው ዓሣ ጠባሽም ቅናሹን አላገኘም። የጣሊያኑም፣ የቱርኩም አላገኘም። ነገሩን ወደ ዘር አትውሰደው፤ ሲያልቅ ብቻችንን እንቀራለን።

ባለ በርበሬ፦
ይሄ ልክ ነው። ስለዚህ ከቱርኩ ጋር አንድ ላይ እንጩህ። ፐቦቹ እንዴት አገኙት? በዲሴምበር 2025 በገዢው ፓርቲ ላይ «የሌበር የምክር ቤት አባል አይገባም» የሚል ወረቀት በራቸው ላይ ለጠፉ። ከዶርሴት ተነስቶ አገር አዳረሰ። በሳምንታት ውስጥ መንግሥት ሐሳቡን ቀየረ። ፓርላማው የሰማው በሩ ሲዘጋበት ነው። እኛስ ምን ለጠፍን? እኔ ራሴ ለምክር ቤት አባሌ አንድ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም። አፍሬ ነው የምናገረው።

ነባሩ፦
ልክ ነሽ ልጄ። በር ላይ መለጠፉ ግን የኛ ወግ አይደለም። እንግዳ አይመለስም።

ባለ ምጣዱ፦
ጋሼ፣ እንግዳ አይመለስም ስንል ነው እኮ እኛ የተመለስነው።

የካምደን ልጅ፦
አንድ የሚያስቆጣ ነገር ልናገር። ኪራዩን ያስወደድነው እኛው ነን። አንድ ሐበሻ ቤት ሊለቅ ነው ሲባል ሦስት ሐበሻ በእጥፍ ይጫረታል። ቤቱን ለመረከብ፣ ለቁልፍ ብቻ ስንት ሺህ ይከፈላል። አከራዩ ያንን ይጽፋል። ገማቹ ያንን አይቶ የመንገዱን ሁሉ ግምት ያነሳል። ከዚያ መንግሥት በደለን እንላለን።

ባለ ምጣዱ፦
አሁን ደግሞ ጥፋቱ የኛ ሆነ! የኪራዩን ዋጋ የሰቀለው እኔ ነኝ? ካሌዶንያን ሮድ ላይ ስገባ ያ መንገድ ጨለማ ነበር። መብራት ያበራነው እኛ ነን። ሰው መምጣት ሲጀምር ቡና ቤቱ መጣ፣ ዳቦ ቤቱ መጣ፣ ከዚያ ኪራይ ተወደደ። የሠራሁት ሥራ ግምት ሆኖ ተመልሶ እኔኑ ይበላኛል።

ደብተር ያዥ፦
ሁለታችሁም የምትሉት አለ። ለቁልፍ የሚከፈለው ግን ኪራይ አይደለም፤ ለይታችሁ ካልጻፋችሁ ሊደባለቅባችሁ ይችላል። ለዚህ ነው የኪራይ ዝርዝር ፎርም ሲላክላችሁ ሙሉት የምለው። በ56 ቀን ካልመለሳችሁ 100 ፓውንድ ቅጣት አለ። ካልሞላችሁ ደግሞ ግምታችሁ በጎረቤት ኪራይ ይወጣል። አደራ ደግሞ ስልክ ደውሎ «ሬትህን አስቀንሳለሁ፣ ቅድሚያ ክፈል» የሚል ሰው አትመኑ። አንዱ ደንበኛዬ ለእንዲህ ያለ ሰው ከፍሎ አንድ ወረቀት ሳይገባለት ቀረ። መረጃችሁን ማጣራትና ግምቱን መቃወም በነፃ ራሳችሁ የምትጀምሩት ነው።

ባለ በርበሬ፦
እኔ ፎርሙ መጥቶልኛል፤ መሳቢያ ውስጥ ነው። ልሙላው?

ባለ ምጣዱ፦
እንዳትሞዪው! ያንቺ ሱቅ ከኔ ሦስት በር ነው። ኪራይሽን ከጻፍሽ የኔ ግምት ይጨምራል።

ባለ በርበሬ፦
ያንተ ኪራይ ከኔ ይበልጣል እኮ። አንተስ ሞልተህ አልነበር?

ባለ ምጣዱ፦
ሞልቻለሁ።

ባለ በርበሬ፦
እና የኔን ግምት ማን እንደጨመረው አሁን ገባኝ።

የካምደን ልጅ፦
ይሄን ነው ያልኳችሁ።

ባለ ምጣዱ፦
አንተ አሁንም ሳሎን ያልከውን አላነሳህም።