ፖሊስ ሲተኩስ ምርመራውን ማን ያምናል?

የናቲ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው እስራኤል ነው፣ ሐይፋ አጠገብ። ትናንት ማታ የ16 ዓመት ልጄ ሊወጣ ሲል፣ ጫማውን እያሰረ፣ «እማ፣ ፖሊስ ቢጠራኝ እጄን ከኪሴ ላውጣ ወይስ ዝም ብዬ ልቁም?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ትውልደ ኢትዮጵያዊውን ወጣት ሰለሞን ተካን ፖሊስ ሲገድለው ልጄ ገና ትንሽ ነበር፤ ነገሩን ግን ልቅም አድርጎ ያውቃል። «ምርመራ አለ፣ ሕግ አለ» ልለው እፈልጋለሁ። እኔ ራሴ ካላመንኩ እንዴት ልበለው? እናንተ ለልጆቻችሁ ምን ትላላችሁ?

ዮኒ፦
እህቴ፣ እኔ ሰለሞን ሲገደል፣ በ2019፣ ለተቃውሞ መንገድ ከዘጉት አንዱ ነኝ። ሰው የተነሳው በሰለሞን ብቻ አልነበረም። በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ላይ ሌላው የኛ ልጅ ይሁዳ ቢያድጋ ባት ያም ውስጥ በፖሊስ ጥይት ተገደለ። 24 ዓመቱ ነበር፣ የአእምሮ ሕመምተኛ። ፖሊስ የጠሩት ቤተሰቦቹ ናቸው፣ እርዱን ብለው! ያ መዝገብ ተዘጋ። ሰለሞን ኪሪያት ሃይም ላይ ጁን 30 ሲሞት የሁሉም ትዕግሥት አልቆ ነበር። የተኮሰው ፖሊስ ሥራ ላይ አልነበረም፣ ከቤተሰቡ ጋር መናፈሻ ነበር። ወደ መሬት ተኮስኩ አለ። ጥይቱ ነጥሮ እንደመታው ምርመራውም አገኘ። በቸልተኝነት ሰው በመግደል ተከሰሰ። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን ጃንዋሪ ላይ የተቃጠለ ሰው ጁን ላይ እንዴት ይመን?

አስተርጓሚዋ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ማሐሽ፣ ማለትም ፖሊሶችን የሚመረምረው ክፍል፣ ከ1992 ጀምሮ በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ነው፣ በፖሊስ ሥር አይደለም። ግን ለረጅም ጊዜ ብዙዎቹ መርማሪዎች ከፖሊስ የመጡ ስለነበሩ ሰው «ፖሊስ ፖሊስን መረመረ» ነው የሚለው። መዝገብ ቢዘጋ ግን ይግባኝ አለ። ብዙ ወላጅ ይህን አያውቅም፣ ያንገበግበኛል።

ጋሽ መኮንን፣ ቺካጎ፦
እዚህም አይተነዋል። ላኳን ማክዶናልድ 17 ዓመቱ ነበር፣ ኦክቶበር 2014 ፖሊስ በ16 ጥይት ገደለው። የፖሊስ ሪፖርቱ ቢላዋ ይዞ መጣብን ይላል። ቪዲዮው የወጣው ከ13 ወር በኋላ፣ ዳኛ አዝዞ ነው። ልጁ ከፖሊሶቹ ራቅ እያለ ሲሄድ ይታያል። ፖሊሱ በ2018 ጥፋተኛ ተባለ። ሰዉ ግን ዛሬም የሚያነሳው ያን 13 ወር ነው። ልጄ፣ ቪዲዮውን ቶሎ አውጡ በሉ።

የናቲ እናት፦
አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። «እጅህን አውጣ፣ ስምህን ንገር፣ ከዚያ ለኔ ደውል» አልኩት። ስለ ምርመራው ግን እስካሁን ምንም አላልኩትም።