እንጀራ ለማይወርድላቸው አረጋውያን ምን ላብስል?

የመጦሪያዋ ወጥ ቤት

ሰላም ለዚህ ቤት። ባሕር ዳር ውስጥ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ወጥ ሠሪ ነኝ። ከማበላቸው ውስጥ አራቱ ምግብ አልወርድ ብሏቸዋል። ሁለቱን ስትሮክ መቷቸዋል። አንዷ እማማ የመርሳት ሕመም አለባቸው። አራተኛውን አባባ የያዛቸው ፓርኪንሰን የሚሉት፣ ሰውነት የሚያንቀጠቅጥ ሕመም ነው።

እኔ እስካሁን ሁሉንም አንድ ላይ ነበር የምፈጨው። ሽሮው፣ ድንቹ፣ ካሮቱ አብሮ ሚክሰር ውስጥ ይገባል። መልኩ ጭቃ ነው የሚመስለው። ትናንት አባባ ሳህኑን ገፋ አደረጉና «ልጄ፣ ያጣሁት ጥርስ ነው እንጂ ዓይን አይደለም» አሉኝ። እዚያው ሳቅሁ። ማታ ግን ከነከነኝ።

ሌላም የማይገባኝ ነገር አለ። እማማ ገንፎ ደህና ይበላሉ፤ ውኃ ሲጠጡ ግን ትን ይላቸዋል። ለታመመ ሰው ቀጭን ነገር ይቀላል ሲባል ነው የሰማሁት። ባለፈው እሑድ ደግሞ ጠያቂ ዘመድ መጣና የዳጉሳ እንጀራ በወጥ ጠቅልሎ ትልቅ ጉርሻ ሰጣቸው። አነቃቸው፤ ፊታቸው ጠቆረ። ጀርባቸውን መትተን በስንት መከራ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ማጉረስ ሲባል እጄ ይንቀጠቀጣል። ፍልሰታ ሊገባ ነው፤ ወተትም እንቁላልም አይነኩልኝም። ምን ይሻለኛል?

ነርሷ

እህቴ፣ እማማ ላይ ያየሽው ትክክል ነው። ውኃ ይፈጥናል። ጉሮሯቸው ገና ሳይዘጋጅ ይደርስና ወደ አየር ቧንቧ ይገባል። ወፈር ያለ መጠጥ ቀስ ስለሚል ጊዜ ይሰጣቸዋል። ገንፎውንም ግን አትመኚው፤ ትናጋ ላይ ሲለጠፍ አደገኛ ነው። ቅቤ ወይም ዘይት በደንብ ይግባበት፤ ከማንኪያው ተንሸራቶ የማይወርድ ከሆነ አትስጫቸው።

ደግሞ የማይስል ሁሉ ደህና ነው አትበይ። ወደ ሳንባ እየገባ ጭራሽ የማያስላቸው አሉ። ከበሉ በኋላ ድምፃቸው ውኃ እንደያዘ ጉሮሮ ከሆነ፣ ትኩሳት ከተመላለሰባቸው፣ ከከሱ፣ ወደ ሐኪም ውሰጃቸው። አፋቸውንም ጠዋት ማታ አጽጂ፤ ወደ ሳንባ የሚገባው የአፍ ቆሻሻም ጭምር ነው።

አራቱንም በአንድ ዓይን አትያቸው። ለስላሳ ነገር ማኘክ ለሚችል ሰው የተፈጨ መስጠት ያለ ጥፋቱ መቅጣት ነው።

ካናዳ ያለው

የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፤ እዚህ በአረጋውያን ቤት እሠራለሁ። እኛ የምንጠቀመው ከ0 እስከ 7 የሚሄድ የመጠጥ ውፍረትና የምግብ ልስላሴ ዓለም አቀፍ መለኪያ አለ። 0 ውኃ ነው፣ 7 ማንም የሚበላው ምግብ። ደስ የሚለው መፈተኛው ውድ አይደለም፤ ስሪንጅና ሹካ ይበቃል።

ለመጠጥ ባለ 10 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ያዢ። ከ0 እስከ 10 ያለው መስመር 61.5 ሚሊ ሜትር መሆኑን በማስመሪያ ለኪ፤ ሁሉም ስሪንጅ እኩል አይደለም። መግፊያውን አውጪ፣ ጫፉን በጣት ዝጊ፣ አጥሚቱን እስከ 10 ሙይ። ልክ 10 ሰከንድ ልቀቂውና መልሰሽ ዝጊ። ስሪንጁ ውስጥ ከ1 እስከ 4 ሚሊ ሊትር ከቀረ ደረጃ 1 ነው፤ ከ4 እስከ 8 ደረጃ 2፤ ከ8 በላይ ደረጃ 3። ምንም ካልወረደ 4 ነው፤ እሱ በማንኪያ የሚበላ እንጂ የሚጠጣ አይደለም። ለማን የትኛው ደረጃ እንደሚሆን ግን ሐኪም ይወስን።

አጥሚት ሲበርድ ይወፍራል፤ ስለዚህ በሚጠጡበት ሙቀት ፈትኚው። ሌላ ጉድ ልንገርሽ። ምራቅ አጥሚቱን የሚያወፍረውን የእህል ስታርች ያቀጥናል። አፍ የገባ ማንኪያ ተመልሶ ኩባያው ውስጥ ሲገባ፣ ወፍሮ የነበረው አጥሚት ዓይንሽ እያየ ይቀጥናል። ትንሽ ትንሽ እየቀዳሽ ስጪ።

ለምግቡ ሹካ። የተከተፈው ነገር በሹካው ጥርሶች መሃል ማለፍ አለበት፤ ወደ 4 ሚሊ ሜትር ነው። ማኘክ ለሚችሉት እስከ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል፤ ግን በሹካ ሲጫኑት የሚፈርስ ይሁን። የተፈጨው ደግሞ ማንኪያው ሲዘቀዘቅ ሙጭጭ ሳይል ዱብ ይበል።

የአባቷ ልጅ

እኔ ባለሙያ አይደለሁም። አባቴን ከስትሮክ በኋላ ሁለት ዓመት አብልቻለሁ።

የመጀመሪያ ስህተቴ ፍትፍት ነበር። ለስላሳ ነው ብዬ። መረቁ ለብቻው ቀድሞ ይወርድና ያስላቸዋል፤ እንጀራው ኋላ ይቀራል። ቀጭንና ጠጣር አንድ ላይ አይሆንም። ከዚያ እንጀራውን ከሽሮ ጋር ፈጨሁት፤ ሙጫ ሆነ። በመጨረሻ የሠራልኝ ብዙ ሽሮ፣ ትንሽ እንጀራ ነው፤ ተፈጭቶ በወንፊት ያለፈ። የሽሮው ሽታ ካለ አባቴ እንጀራ በላሁ ይሉ ነበር።

ለጾሙ አቮካዶ አለልሽ፣ የተፈጨ ድንች በዘይት አለልሽ። ተልባም በራሱ ይወፍራል፤ ግን ቆይቶም መወፈሩን ስለማያቆም ከማቅረብሽ በፊት መልሰሽ ለኪው። ቀረሶ ዓሣ ከጣና ዳር ስትገዢ አጥንቱ ወጥቷል ቢሉሽም በጣትሽ ዳብሺው። (ዓሣ የጾም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር እዚህ አታምጡብኝ።) እንዳይጾሙ ከፈለግሽ ደግሞ አንቺ አትከራከሪ፤ የንስሐ አባታቸው ይንገሯቸው።

ጉርሻን በተመለከተ የሻይ ማንኪያ ያዢ። ቀጥ ብለው ይቀመጡ፣ አገጫቸው ወደ ላይ አይቃና። ቆመሽ አታብዪ፤ ቀና እንዲሉ ታደርጊያቸዋለሽ። ዋጡ? አፋቸውን አይተሽ ነው ሁለተኛው። ከበሉ በኋላ ግማሽ ሰዓት አይተኙ። ጠያቂ ሲመጣ ሳህኑን ከእጁ ተቀበዪው፤ ቢቀየምም ይቀየም።

የመጦሪያዋ ወጥ ቤት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ አጥሚቴን በስሪንጅ ለካሁት፤ ትኩሱ 3 ቀረ፣ ለብ ሲል 6። ለካስ ጠዋትና ረፋድ የምሰጣቸው ሁለት የተለያየ መጠጥ ነበር! አራቱንም ማክሰኞ ሐኪም ጋ እንወስዳቸዋለን።

ለአባባ ሽሮውን፣ ካሮቱን፣ ድንቹን ለየብቻ ፈጭቼ ጎን ለጎን አደረግሁላቸው። ካሮቱን ጨርሰው «ይሄ ቢጫው ይደገም» አሉ። እማማ ደግሞ ጠላ አማረኝ ብለው ይዘውኛል። ጠላ አወፍሮ የሚያውቅ አለ?