ማድ ቤት ስወስደው የሚንተከተክ ሬዲዮ

ከኦስሎ፦
ሰላም ወገኖቼ። ወደዚህ ከመጣሁ ሰባት ወሬ ነው። ቋንቋው ጆሮዬ ውስጥ እንዲገባ ብዬ በእጅ የሚያዝ ትንሽ ዲጂታል ሬዲዮ ገዛሁ። ሳሎን ውስጥ ደህና ይሰማል። ማድ ቤት ስወስደው ግን እንደ ሽሮ ይንተከተካል፤ ከዚያ ጭራሽ ዝም ይላል። ለሱቁ ልመልሰው ወይስ መላ አለው?

ከበርገን፦
እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። ቶሎ አትመልሺው። አገር ቤት በለመድነው ኤፍኤም፣ ጣቢያው ሲደክም እየተንሿሿም ቢሆን ወሬው ይሰማል። ዲጂታሉ እንደዚያ አይደለም። ሞገዱ እስከበቃው ድረስ ጥርት ይላል። ትንሽ ሲያንሰው ይንተከተካል፤ ከዚያ ካነሰው ጸጥ ነው። ስለዚህ ዝም ያለ ሬዲዮ ሁሉ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ የጎደለው ጥቂት ነው፤ እሱንም አንድ እርምጃ ይሞላዋል።

እኔ የመጀመሪያውን ሬዲዮዬን ማይክሮዌቭ ላይ ነበር የማስቀምጠው። ስንት ጠዋት ተናድጄበታለሁ። አንድ ቀን ጠረጴዛውን ልወልውል ብዬ አንስቼ መስኮቱ ደፍ ላይ አኖርኩት። ወዲያው የኖርዌይ የሕዝብ ማሰራጫ የኤንአርኮ አንደኛ ጣቢያ፣ የፔ1 ዜና አንባቢ ትንፋሿ ሳይቀር ተሰማኝ። ብረት፣ ወፍራም የኮንክሪት ግድግዳ፣ ስስ የብረት ቅብ ያለው የአዲስ ቤት መስታወት ሁሉም ሞገዱን ይቀንሱታል። ርካሽ ቻርጀርና ኤልኢዲ አምፖልም ይረብሹታል፤ እስቲ ነቅለሽ ሞክሪ።

አንቴናውን ደግሞ ልብ በይ። እስከ ጫፉ መጎተት የሚሻል ይመስለናል። የኤፍኤም ሞገድ 3 ሜትር ገደማ ይረዝማል። ዲጂታሉ ከ174 እስከ 240 ሜጋኸርዝ ባለው ነው የሚሠራው፤ ሞገዱ የዚያን ግማሽ ቢያህል ነው። አንቴና ደግሞ የሞገዱን ሩብ ሲሆን ደህና ይቀበላል። 35 ሳንቲሜትር አካባቢ አውጪውና ቀጥ አድርገሽ አቁሚው። ማሳያው ላይ የሞገዱን ጥንካሬ የሚያሳዩ መስመሮች ካሉ እነሱን እያየሽ ቀስ ብለሽ አዟዙሪው። ከተማ ስትቀይሪ ጣቢያዎቹን እንደገና አስፈልጊው፤ የድሮውን ዝርዝር ይዞ ዝም ሊልብሽ ይችላል።

ያገለገለ የምትገዙ ሰዎችም ተጠንቀቁ። ከእንግሊዝ የመጣ ወዳጄ አንድ አሮጌ ሬዲዮ ሰጥቶኝ ነበር። አንድም ጣቢያ አላገኘም። እዚያ ዳብ (DAB) የሚባለው አሮጌው የዲጂታል ሬዲዮ አሠራር ብዙ ዓመት ሲሠራበት ቆይቷል፤ እዚህ የሚሠራው አዲሱ፣ ዳብ ፕላስ (DAB+) ነው። የመደመር ምልክቷን ሳታዩ ገንዘብ አታውጡ።

ኤፍኤም ቢኖር ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ ትሉ ይሆናል። ኖርዌይ ግን በፈረንጆቹ 2017 ከጥር እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ የአገር አቀፍ ጣቢያዎቿን ከኤፍኤም አውርዳለች፤ በዓለም የመጀመሪያዋ ናት። ኤፍኤም ላይ የቀሩት የአካባቢ ጣቢያዎች ናቸው።

አጥብቄ የምለምናችሁ ሌላ ነገር አለ። የአገሩ ሲቪል ጥበቃ መሥሪያ ቤት በፈረንጆቹ 2024 ለየቤቱ በላከው መጽሔት፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ ለአንድ ሳምንት ራሱን እንዲያዘጋጅ መክሯል። ከውሃውና ከምግቡ ጋር በባትሪ የሚሠራ ዳብ ሬዲዮ አለበት። መብራት ሲጠፋ የስልኩም ማማ ሊከተል ይችላል። ያኔ መመሪያ የሚሰማው በፔ1 ነው። ብዙዎቻችን መጽሔቱን ሳናነበው ጥለነዋል፤ ቋንቋው ስላልገባን። እባካችሁ አዲስ ለመጡት አስረዷቸው። ዲጂታል ሬዲዮ ከኤፍኤሙ ይልቅ የባትሪ ድንጋይ ይበላል፤ ስለዚህ መለዋወጫ ይኑራችሁ።

ከትሮንድሄም፦
እማዬ ልትጠይቀኝ መጥታ በዚሁ ሬዲዮ የጀርመን ድምፅን ስትፈልግ ዋለች። ደሴ እያለች አንቴናውን ጎትታ፣ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ነው የምትሰማው። የለም ብላት አላመነችኝም። ምን ላድርግላት?

ከበርገን፦
እውነታቸውን ነው፤ እሳቸው የለመዱት አጭር ሞገድ ነው። ይሄ ሬዲዮ ግን ዳብና ኤፍኤም ብቻ ነው የሚይዘው። ብሉቱዝ ካለው ስልክሽ ላይ የጀርመን ድምፅን አማርኛ ከፍተሽ በሬዲዮው ድምፅ ማጉያ አሰሚያቸው። ስልኩን ሌላ ክፍል አድርጊው፤ በረንዳ ላይ የሚሰሙት ያህል ደስ ይላቸዋል።

ከኦስሎ፦
መስኮቱ ዳር አድርጌ አንቴናውን በማስመሪያ ለካሁት። ፔ1 ጥርት አለ! ትናንት ማታ 12 ሰዓት ላይ በፔ2 የሚተላለፈውን የፖለቲካ ክርክር ሽንኩርት እየከተፍኩ ሰማሁት፤ ግማሹ ገባኝ። ፔ4 ግን አሁንም ይቆራረጣል።

ከበርገን፦
እንደ ፔ4 ያሉት የንግድ ጣቢያዎች ከኤንአርኮ በተለየ፣ በሌላ የማሰራጫ ጥቅል (በአንድ ሞገድ አብረው በሚላኩ ጣቢያዎች ስብስብ) ነው የሚመጡት። የኤንአርኮ ሽፋን ሰፋ ይላል። አንዱ ጥርት ሲል ሌላው ቢቆራረጥ አትደንግጪ፤ ለፔ4 መስኮቱ ላይ ሌላኛውን ጥግ ሞክሪለት።