ሾነን ማለት «ለልጆች የሚሆን» ማለት ነው?

ጥያቄ (ገጽ_ገላጭ)፦ በማንጋ (በጃፓን የሥዕል ታሪክ መጻሕፍት) ላይ የሚጠቀሰው ሾነን «ወንድ ልጅ» ማለት ነው ሲባል እሰማለሁ። ታዲያ ሰው እየተበላ የሚያሳየው ማንጋ፣ አታክ ኦን ታይታን፣ እንዴት ሾነን ተባለ? ሾጆ፣ ሴይነን፣ ጆሴይ የሚለውንስ የሚወስነው ማን ነው? ለ10 ዓመት ልጅ ማንጋ ለመምረጥ ይረዳል?

ቀይ_ብዕር፦ የሚወስነው መጽሔቱ ነው። ማንጋ መጀመሪያ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ በመጽሔት በምዕራፍ ይወጣል፤ ተጠርዞ በቅጽ የሚሸጠው ከዚያ በኋላ ነው። መጽሔቱ ለየትኛው አንባቢ እንደሚሸጥ ደግሞ አሳታሚው አስቀድሞ ያውቃል። ሾነን ጃምፕ ለወንድ ልጆች፣ ናካዮሺና ሪቦን ለሴት ልጆች (ሾጆ)፣ ቢግ ኮሚክ ለጎልማሳ ወንዶች (ሴይነን)፣ ኪስ ለጎልማሳ ሴቶች (ጆሴይ)። አታክ ኦን ታይታን ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወጣው በቤሳትሱ ሾነን መጋዚን ስለሆነ ሾነን ተባለ፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ቪንላንድ ሳጋን ተመልከት፦ በ2005 በሳምንታዊው ሾነን መጋዚን ጀመረ፣ በዚያው ዓመት ወርኃዊ ወደሆነው አፍተርኑን ተዛወረ። ታሪኩም ደራሲውም ያው፤ ምድቡ ግን ከሾነን ወደ ሴይነን ተለወጠ።

ጥቁር_ቀለም፦ አንድ ወጥመድ ልጨምር። «ያንግ» የሚል ስም አይሸውድህ! ያንግ ጃምፕም ያንግ መጋዚንም ሴይነን ናቸው፤ እርቃንም ደምም አይጠፋባቸውም። ጃፓንኛውን ቅጽ ካገኘህ ውስጡን ገልጠህ እይ። በካንጂዎቹ (ከቻይና በመጡት ውስብስብ ፊደላት) ጎን ንባባቸውን የሚያሳዩ ትንንሽ የሂራጋና ፊደላት (ፉሪጋና) በየቃሉ ከተጻፉ፣ ካንጂ ገና ላልጨረሰ ተማሪ የታሰበ ነው። ሴይነን ላይ አብዛኛውን ጊዜ ለከበዱት ቃላት ብቻ ነው የሚኖረው። በትርጉም ቅጂ ግን ይህ ምልክት ስለሚጠፋ ጀርባው ላይ ያለውን የዕድሜ ምልክት ፈልግ።

ማታ_ተመልካች፦ አኒሜ (የጃፓን ካርቱን ፊልም) ላይ ደግሞ ምድቡ የሚወረሰው ከማንጋው ነው፤ ስለዚህ የበለጠ ያሳስታል። ጃፓን ውስጥ የተላለፈበትን ሰዓት እዩ። ሴይለር ሙን በ1992 ቅዳሜ ምሽት፣ ልጆች ሳይተኙ ነበር የሚታየው። ዴዝ ኖት የሾነን ጃምፕ ሥራ ሆኖ ሳለ አኒሜው የሄደው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። ለሲኒማ ኤይሪን የሚባለው አካል ደረጃ ይሰጣል፦ ጂ፣ ፒጂ12፣ አር15+፣ አር18+። የ2020ው የዲመን ስሌየር ፊልም ፒጂ12 ነው፤ ማለትም ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ የወላጅ ምክር ያስፈልገዋል። ማንጋው ግን ሾነን ጃምፕ ላይ ነው የወጣው።

ገጽ_ገላጭ፦ ስለዚህ ለ10 ዓመት ልጅ ምን ልፈልግ?

ቀይ_ብዕር፦ «ኮዶሞ» (ልጅ) የሚባለውን ምድብ። ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚዘጋጀው ኮሮኮሮ ኮሚክ በ1977 የተጀመረው ዶራኤሞንን ይዞ ነው። ዶራኤሞን 45 ቅጽ አለው፤ ታሪኮቹ አጫጭርና ራሳቸውን የቻሉ ስለሆኑ ከየትኛውም ቅጽ መጀመር ይቻላል። ገጹ ከቀኝ ወደ ግራ እንደሚነበብ ብቻ አስቀድመህ አሳየው፤ አለዚያ መልሱን ከጥያቄው በፊት እያነበበ ግራ ይገባዋል።