ከቤተ መንግሥት ወጥቶ በክብር የኖረ ማን አለ?

ጥያቄ፦ የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ሥልጣን ለቆ በትሕትና የኖረ መሪ ጥቀስልን ሲሉኝ የታንዛኒያውን ጁሊየስ ኔሬሬን አነሣሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1985 ፕሬዚዳንትነታቸውን ለቀው ቡቲያማ፣ ትውልድ መንደራቸው ገቡ። «ከእኛስ?» አሉኝ። ማንን ልበላቸው?

መልስ፦ ጋሼ፣ ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳን ምን ነካቸው? በ1994 ዓ.ም. ከፕሬዚዳንትነት ወረዱ። የዚያን ጊዜው ሕግ የቀድሞ ፕሬዚዳንት ከፓርቲ ፖለቲካ እንዲርቅ ያዝዝ ነበር። ዝም ብለው ቢቀመጡ ቤቱም፣ መኪናውም፣ ጥበቃውም የእሳቸው ነበር። እሳቸው ግን በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ደምቢ ዶሎ ላይ በግል ተወዳድረው ፓርላማ ገቡ፤ ጥቅማ ጥቅሙም ተነጠቀ። በኋላ የአንድነት ፓርቲ ሊቀመንበር ሆኑ። እኔ ትሕትና የምለው የኑሮውን ማነስ አይደለም፤ የሚመጣውን እያወቁ መምረጣቸውን ነው። በ2011 ዓ.ም. ሚያዝያ ጀርመን አገር አረፉ።

መልስ፦ እስማማለሁ፤ ግን ኔሬሬን አታቅልሉልን። የፓርቲያቸውን ሊቀመንበርነት እስከ እ.ኤ.አ. 1990 አልለቀቁም። ለተማሪዎቹ ይህም ይነገራቸው።

ጠያቂው፦ ተቀብያለሁ። ሰኞ ሁለቱንም በጥቁር ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ፤ ክርክሩ የእነሱ ነው።