የእሳት አደጋ ሥልጠናና ትምህርት ለሐዋሳ፦ የጋራ ፕሮፖዛል የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ
ውድ አባላት፣ ለከተማ አስተዳደሩና ለአጋር ተቋማት የምናቀርበው ፕሮፖዛል የመጀመሪያ ረቂቅ ይሄ ነው። ሆን ብዬ አሳጥሬዋለሁ። የጎደለውን እናንተ ሙሉት።

«ማኅበራችን በሐዋሳ የእሳት አደጋ ሙያ ሥልጠና እና የእሳት ሳይንስ ትምህርት ዕድል እንዲመቻች ይጠይቃል። በመጀመሪያው ዓመት ለወጣቶች የውጭ ስኮላርሺፕ እናፈላልጋለን። ለነዋሪዎችም የግንዛቤ ማስጨበጫ እንሰጣለን።»

ሥልጠናው ከየት ይገኛል? መጀመሪያ ማን ይሠልጥን? ወጪውን ማን ይሸፍናል? በእነዚህ ላይ ሐሳብ ስጡ።

የወጣቶች ተወካይ
እኔ ይሄን ሙያ ከልቤ ነው የምፈልገው። ጓደኞቼም እንደዛው። ግን ኢንተርኔት ላይ ስንፈልግ ቶሎ የሚመጣልን ገንዘብ ተቀብሎ በሁለት ቀን ሰርተፍኬት የሚልክ ነው። ቱቦ በእጅህ ሳትይዝ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነህ ይሉሃል። እውነተኛውን በምን እንለየው? ሌላ ሐሳብም አለኝ። ሰፈራችን ውስጥ ሊፈርስ የተወሰነ ባዶ ቤት አለ። ባለቤቱ ከፈቀዱ ለልምምድ ብናቃጥለውስ? የኤርፖርት እሳት አደጋ ሠራተኛ የነበሩት ጋሼ ቆመው ያሳዩናል።

ጡረታ የወጡ የኤርፖርት እሳት አደጋ ሠራተኛ
ልጄ፣ ፍላጎትህ ደስ ይላል። ቤት ማቃጠሉን ግን እርሳው። እ.ኤ.አ. በ1982 አሜሪካ ውስጥ፣ ኮሎራዶ ቦልደር በምትባል ከተማ፣ ባዶ ሕንፃ አቃጥለው ሲለማመዱ ሁለት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞተዋል። ሙያቸው ይሄው ነበር። ከዚያ በኋላ በ1986 በእውነተኛ እሳት ለሚደረግ ልምምድ ራሱን የቻለ ደረጃ ወጣ። ያወጣው ኤንኤፍፒኤ የሚባለው የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ነው፤ ደረጃውም ኤንኤፍፒኤ 1403 ተባለ። ቤንዚን ማርከፍከፍ ክልክል ነው። ምን እንደሆነ የማይታወቅ ዕቃ አይቃጠልም። ውሃ የያዘ ሁለተኛ ቡድን ተዘጋጅቶ ይቆማል። የደኅንነት ኃላፊ ለብቻው ይመደባል። እኛ ዘንድ ከዚህ ውስጥ አንዱም የለም። ስለዚህ ይሄ ሐሳብ ፕሮፖዛሉ ውስጥ እንዳይገባ።

ሰርተፍኬቱን በተመለከተ፣ ሁለት ነገር ጠይቅ። የተግባር ፈተና አለው? ማንስ ያውቀዋል? በብዙ አገር መለኪያ የሆነው ኤንኤፍፒኤ 1001 ነበር። አሁን 1010 በሚባለው ውስጥ ተጠቃልሏል። አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ምን ማድረግ መቻል እንዳለበት ይዘረዝራል። የመተንፈሻ መሣሪያ አጥልቆ ጭስ ውስጥ ሰው መፈለግ አለ። መሰላል መትከል፣ ቱቦ መዘርጋት፣ ጣራ መክፈት አለ። ድረ ገጻቸው ላይ ተመዝግበህ በነፃ ማንበብ ትችላለህ። የእንግሊዙ የእሳት መሐንዲሶች ተቋም ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1918 ጀምሮ ያለ ነው። በደረጃ የተከፋፈሉ ፈተናዎች ለውጭ አገር ሰዎችም ይሰጣል። እሱ ግን የሚያመዝነው በንድፈ ሐሳብ ነው። ሥራ ላይ ላለ ሰው ጥሩ ነው፣ ለጀማሪ ብቻውን አይበቃም።

እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ነው። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ደንብ፣ የኤርፖርት እሳት አደጋ መኪና ከጥሪ በኋላ ከሦስት ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ የትኛውም የማኮብኮቢያ ጫፍ መድረስ አለበት። ይሄ በመኪናው ፍጥነት ብቻ አይመጣም። በየቀኑ የሚያለማምድ አሠልጣኝ ሲኖር ነው። ስለዚህ ዋናው ጥያቄያችን «ሥልጠና ስጡን» መሆን የለበትም። «ከከተማው እሳት አደጋ ሠራተኞች መካከል አሠልጣኝ የሚሆኑ ይውጡ» መሆን አለበት። የአንድ ሳምንት ኮርስ ይረሳል። እዚሁ የሚኖር አሠልጣኝ ግን ሌላውን ያወጣል።

በኢንዱስትሪ ፓርኩ የፋብሪካ ደኅንነት ባለሙያ
በጋሼ ሐሳብ እስማማለሁ። ወጪውን በተመለከተ ደግሞ ይሄን እዩት። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ለጨርቃጨርቅና ልብስ ስፌት ተብሎ ነው። ጨርቅ፣ ካርቶን፣ የክር ብናኝ፣ ብዙ ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር። እ.ኤ.አ. በ2012 በካራቺ አንድ የልብስ ፋብሪካ ተቃጥሎ ከ250 በላይ ሠራተኞች ሞቱ። በዚያው ዓመት ዳካ አጠገብ ታዝሪን ፋብሪካ ከ110 በላይ ሰው አለቀ። መውጫዎች ተቆልፈው ነበር። ከባንግላዴሽ አደጋዎች በኋላ ልብስ ገዢ ድርጅቶችና የሠራተኛ ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2013 የእሳትና የሕንፃ ደኅንነት ስምምነት ፈረሙ። ልብስ የሚገዙት ድርጅቶች ዛሬ ጉዳዩን በደንብ ያውቁታል። ይሄ ለእኛ በር ይከፍታል።

ሕጉም ከእኛ ጋር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪው ሠራተኛውን ስለ ሥራው አደጋና ስለ ጥንቃቄው እንዲያስተምር ያስገድዳል። ስለዚህ ፋብሪካዎቹን የምንለምነው ነገር የለም። በሕግ ያለባቸውን ግዴታ በጋራ፣ በተሻለ ጥራትና በአነስተኛ ወጪ እንዲወጡ ነው የምንጋብዛቸው። የሚያሠለጥኑትም የከተማው አሠልጣኞች ይሁኑ።

በመናኸሪያ አካባቢ ነጋዴ
ይቅርታ ልጆች፣ ገበያውን ረሳችሁት። በጥቅምት 2017 አዲስ አበባ መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል ያላየ የለም። የስንት ሰው ጥሪት አመድ ሆነ። የእኛም ሱቅ ቆርቆሮ ለቆርቆሮ የተነካካ ነው። መተላለፊያው ላይ ዕቃ ይደረደራል። ባጃጁ ይቆማል። አንዳንዱ ቤንዚን በሃይላንድ አድርጎ ጥግ ላይ ያስቀምጣል። መኪናው ቢመጣስ በየት ይገባል? ውጭ አገር የሚማረው ልጅ ተመርቆ እስኪመለስ እኛ አንጠብቅም። መጀመሪያ እኛን አስተምሩን። ደግሞ በገበያ ቀን አታድርጉት፣ ማንም አይመጣም።

ኤሌክትሪሺያን አባል
እናታችን ያሉት እውነት ነው። አንድ ማከፋፈያ ላይ ምጣድ፣ ፍሪጅና ካውያ ተሰክቶ አያለሁ። እሳት ሲነሳ መጀመሪያ መብራቱን ከቆጣሪ መዝጋት፣ ከዚያ ነው ሌላው። በሥልጠናው ላይ ይሄን ክፍል እኔ በነፃ አስተምራለሁ።

የዩኒቨርሲቲ መምህርት
ሥልጠናና ትምህርት ረቂቁ ላይ ተደባልቀዋል። ብንለያቸው ይሻላል። ሥልጠና እሳት የሚያጠፋ ሰው ያወጣል። የእሳት ሳይንስ ደግሞ ሕንፃው እንዳይቃጠል፣ ቢቃጠልም ሰው እንዲወጣ የሚያሰላ ባለሙያ ያወጣል። የአሜሪካው ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ የእሳት መከላከያ ምህንድስና ትምህርት ክፍል አለው። የአውሮፓዎቹ ጌንት፣ ኤድንብራና ሉንድ ዩኒቨርሲቲዎች እ.ኤ.አ. በ2010 በጋራ የጀመሩት የማስተርስ ፕሮግራም ኢራስመስ ሙንደስ በሚባለው የአውሮፓ ኅብረት ስኮላርሺፕ ከብዙ አገር ተማሪ ሲቀበል ቆይቷል። ለእኛ ችግር በጣም የሚቀርበው ግን ደቡብ አፍሪካ ያለው ስቴለንቦሽ ዩኒቨርሲቲ ይመስለኛል። እዚያ የተጠጋጉ የቆርቆሮ ቤቶች እሳት እንዴት ከአንዱ ወደ ሌላው እንደሚዘል ያጠናሉ። የእትዬ ጥያቄ እኮ በቀጥታ ይሄው ነው።

ወጣቱ ወንድማችን እስከዚያ ይሄን ይጀምር። የአሜሪካው ዩኤል የእሳት ደኅንነት ምርምር ተቋም በነፃ የኦንላይን ኮርሶች ይሰጣል። ዩኤል ሁለት ሳሎን አዘጋጅቶ አቃጥሎ ነበር። በድሮ ዕቃ የተሞላው ሙሉ በሙሉ ለመንደድ ከ29 ደቂቃ በላይ ፈጀበት። ስፖንጅና ሰው ሠራሽ ጨርቅ የበዛበት ዘመናዊው ሳሎን ግን በ3 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ነደደ። ይሄን ያየ ሰው የገበያው ሥልጠና ለምን መቅደም እንዳለበት ይገባዋል። ኮርሱ ግን ለዕውቀት ነው፣ የተግባር ፈተና አይተካም።

ደን እሳትንም አንርሳ። ወንዶ ገነት የደንና የተፈጥሮ ሀብት ኮሌጅ ቅርባችን ነው፣ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲም አካል ነው። በ2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ፓርክ ሲቃጠል ከእስራኤል ድረስ ባለሙያ መጥቷል። በአጭር ኮርስ ደረጃ ከኮሌጁ ጋር መነጋገር እንችላለን።

ነርስ አባል
ሁለት ነገር አስገቡልኝ። አንደኛ፣ የተቃጠለ ሰው ላይ የጥርስ ሳሙና፣ ሊጥ ወይም ቅቤ አይቀባም። ለ20 ደቂቃ ያህል በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ማቀዝቀዝ ነው። ሁለተኛ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2022 የእሳት አደጋ ሥራን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቧል። ወጣቶቻችንን ወደ ሙያው ስንልክ መከላከያ ልብስ፣ የልብስ ማጠቢያና የጤና ምርመራ አብሮ ይጠየቅ። ያለዚያ ልጆቹን እየጎዳን ነው።

ገንዘብ ያዥ
እሳት ማጥፊያ ሲሊንደር ለልምምድ ስንጠቀም መልሶ ማስሞላቱ ገንዘብ ይፈልጋል። ባለ 6 ኪሎው ዱቄት ከ20 ሰከንድ ብዙም ሳይርቅ ያልቃል። በጀቱ ውስጥ ለብቻው ይያዝ። እድሮችም ድንኳንና ወንበር ያበድሩናል፣ ለአዳራሽ አንከፍልም።

የወጣቶች ተወካይ
ጋሼ፣ ገብቶኛል፣ ቤት ማቃጠሉ ይቅር። ግን ስኮላርሺፑ ጭራሽ እንዳይወጣ እለምናለሁ። ወጣቱ ወደ ሙያው የሚገባው መድረሻ ሲታየው ነው።

ጡረታ የወጡ የኤርፖርት እሳት አደጋ ሠራተኛ
አይወጣም። ተራው ግን ሦስተኛ ይሁን። የሚሄደው ልጅም ተመልሶ እዚህ እንደሚያገለግል ውል ይፈርም።

ጸሐፊ
እሺ። በተባለው መሠረት ረቂቁ እንዲህ ተስተካክሏል።

«ማኅበራችን ለሐዋሳ የሚከተለውን በቅደም ተከተል ይጠይቃል። አስቀድሞ፣ በመናኸሪያና በገበያ አካባቢ ለሚሠሩ ነጋዴዎችና ለእድር አባላት የተግባር ሥልጠና ይሰጥ። ይዘቱም መብራት መዝጋት፣ ማጥፊያ መጠቀም፣ ሰው ማስወጣት፣ መተላለፊያ ክፍት ማድረግና ለተቃጠለ ሰው የመጀመሪያ እርዳታ መስጠት ይሁን። ቀጥሎ፣ ከከተማው የእሳት አደጋ ሠራተኞች መካከል የተመረጡ የአሠልጣኝነት ሥልጠና ያግኙ፤ የመከላከያ ልብስና የጤና ምርመራም ይሟላላቸው። ለዚህም የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽንን ልምድ እንጠይቃለን። የፓርኩ ፋብሪካዎች በአንቀጽ 92 ያለባቸውን ግዴታ በእነዚሁ አሠልጣኞች በኩል በመወጣት ወጪውን ይጋሩ። በመጨረሻም፣ በምህንድስና የተመረቁ ወጣቶች የእሳት ሳይንስን በማስተርስ ደረጃ እንዲማሩ ድጋፍ ይደረግ፤ የመመለስ ውልም ይኑር። በእውነተኛ እሳት የሚደረግ ልምምድ ብቁ አሠልጣኝና የተሟላ መሣሪያ እስኪኖር አይካሄድም።»

መምህርት፣ የስቴለንቦሽንና የአውሮፓውን ፕሮግራም የመግቢያ መስፈርትና የማመልከቻ ጊዜ አጣሪልን። የደኅንነት ባለሙያው የፋብሪካ አቻዎቹን ያነጋግር። እትዬ፣ የገበያ ቀን ያልሆነ ቀን ይምረጡልን። ጋሼ ደግሞ የአሠልጣኝ መምረጫ መስፈርቱን በአንድ ገጽ ይጻፉልን፣ ወጣቱ ይተይብልዎታል። በሚቀጥለው ስብሰባ ፈርመን እናስገባለን።